ከደንገጎ ሥር የሚጠፋው ሞተር

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሞተር ሳይክሌ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ተነሳሁ። አወዳይን አለፍኩ፣ ሐረማያን አለፍኩ። ብርድ ስለነበር ጃኬቴን እስከ አገጬ ቆልፌዋለሁ። የደንገጎን ቁልቁለት ሞተሬ በራሱ ወረደው ማለት ይቻላል። ጋዝ የሰጠሁት እዚህም እዚያም ነው። ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ላይ ስገባ ጋዝ ሰጠሁት። ሳል ጀመረው። ሁለቴ ሳለ፣ ተንገዳገደ፣ ጠፋ።

ቤንዚን አልቆ ይሆን ብዬ የታንኩን ክዳን ከፈትኩ። ከግማሽ በላይ አለ። መልሼ ዘጋሁት፣ ረገጥኩት፣ ተነሳ። ድሬ ገብቼ ከዚራ ሰፈር እስክደርስ ትንፍሽ አላለም።

ጋራዥ ወሰድኩት። ልጁ ገና ታሪኩን ሳልጨርስለት "ካርቡራተር ነው አቦ" አለኝ፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ ማለቱ ነው። ተፈታ፣ ታጠበ፣ ተነፋ፣ ከፈልኩ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ እዚያው ደንገጎ ሥር ጠፋ። እንደገና ተፈታ፣ እንደገና ከፈልኩ። ሦስተኛው ላይ "ካርቡራተሩ አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛ" ተባልኩ። ዋጋውን ስሰማ ነው ቁጭ ብሎ ማሰብ የመጣልኝ።

ካርቡራተሩ ምንም አልሆነም ነበር። ጥፋቱ የኔው ነው። እንዴት እንደሆነ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ቤንዚን ከታንክ ወደ ካርቡራተር እንዴት እንደሚወርድ እንይ። እሱ ከገባን ግማሹን ችግር ካቻቢቴ ሳናነሳ እናገኘዋለን። (እኛ ሞተር ሳይክሉንም ውስጡ ያለውንም "ሞተር" ስለምንል እንዳይምታታ፣ ከዚህ በኋላ የውስጡን ኢንጂን እለዋለሁ።)

ቤታችሁ ጣሪያ ላይ ሮቶ ካለ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ሮቶው ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ውሃው በክብደቱ ይወርዳል። ፓምፕ የለም፣ መብራት አይፈልግም። ካርቡራተር ያላቸው አብዛኞቹ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎችም እንደዚያ ናቸው። ታንኩ ከላይ፣ ካርቡራተሩ ከታች፣ መሃል ላይ ሩቢኔት (የቤንዚኑ መክፈቻና መዝጊያ) እና ቀጭን የጎማ ቱቦ። ልዩነቱ ከፍታው ነው። ሮቶው ቢያንስ ሁለት ሦስት ሜትር ከፍታ አለው። የሞተር ሳይክሉ ታንክ ከካርቡራተሩ በላይ ያለው ስንዝር ተኩል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው።

የዚህች ስንዝር ተኩል ቤንዚን ግፊት 0.02 ባር አካባቢ ነው። የሞተር ሳይክላችሁ እግር ውስጥ ያለው ንፋስ 2 ባር ገደማ ነው። መቶ ለአንድ ማለት ነው። የድሮ መኪኖች በኢንጂኑ የሚዞር የቤንዚን ፓምፕ እንኳ ከዚህ አሥር እጥፍ በላይ ይገፋል። ስለዚህ መኪናን የማያስነጥስ ትንሽ ነገር ሞተር ሳይክልን ያቆመዋል። ትንሽ የቆሸሸ ፊልትሮ (ማጣሪያ)፣ ትንሽ የታጠፈ የቤንዚን ጎማ፣ አንድ የአየር አረፋ ይበቃል። ቤንዚኑ ታግሎ የሚያልፍበት ጉልበት የለውም።

ሌላው ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ቤንዚን እንዲወጣ አየር መግባት አለበት። የሞላ ጀሪካን ገልብጣችሁ ስትቀዱ ለምን ጉልቅ ጉልቅ ይላል? ውሃው ሲወጣ በቦታው አየር መግባት ስላለበት፣ በአንድ አፍ ሁለቱ ስለሚሻሙ ነው። የሞተር ሳይክል ታንክም እንዲሁ ነው። አየሩ የሚገባው በክዳኑ ላይ ባለች የመርፌ ዓይን በምታክል ቀዳዳ ነው። ክዳኑን ገልብጣችሁ ካያችሁ ታገኟታላችሁ። እሷ ከተደፈነች ታንኩ ውስጥ አየሩ እየሳሳ ይሄድና ቤንዚኑን ወደ ላይ ይዞ ያስቀረዋል።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ክዳኔ ጎሚኒው (የጎማ ማሸጊያው) አልቆ ጉድጓድ በዘለልኩ ቁጥር ቤንዚን ሱሪዬ ላይ ይረጭ ነበር። እንደ አገሩ ወግ ፌስታል ቆረጥኩና ክዳኑ ሥር አድርጌ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። መርጨቱ ቆመ። አየሩም ቆመ።

ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ድሬ 1,200 ገደማ። ሐረር ላይ ውሃ ጠጥታችሁ ሃይላንዱን ግማሽ አድርሳችሁ አጥብቃችሁ ብትዘጉትና ድሬ ስትደርሱ ብታዩት ጎኑ ተጨማድዶ ገብቷል። የሐረር አየር ውስጡ ታስሮ፣ የድሬ ከባድ አየር ከውጭ ስለጨመቀው ነው። በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለው የአየር ግፊት ልዩነት 0.07 ባር አካባቢ ይሆናል። ከስንዝር ተኩሏ ቤንዚን ግፊት ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። የኔ ታንክ ብረት ስለሆነ አይጨማደድም። ቤንዚኑን ግን ውስጡ ያፍነዋል። ቁልቁለቱን ስወርድ ጋዝ ስለማልሰጥ አይታወቀኝም፤ ካርቡራተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ይበቃል። ሜዳው ላይ ጋዝ ስሰጥ ያቺ ታልቃለች፣ ከላይ የሚተካ የለም። ቤንዚን መኖሩን ለማየት ክዳኑን ስከፍት ደግሞ አየሩ ይገባና ሞተሩ ይድናል። እኔ "ራሱ ተሻለው" እላለሁ።

ልብ ብላችሁ ከሆነ ጠዋት ነው የጠፋብኝ። በእኩለ ቀን ያንኑ ቁልቁለት ስወርድ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ፀሐይ ታንኩን ስትመታው ቤንዚኑ ይተናል፣ ትነቱም ከውስጥ ይገፋል። ስለዚህ የጎደለውን አየር ትነቱ ይሸፍነዋል። ጋራዥ ሲሞከር የማይታየውም ለዚህ ነው። የቆመ ሞተር፣ ክዳኑ ተከፍቶ የተዘጋ፣ በድሬ ሙቀት። ምን ይታያል?

ስለዚህ የኔ ምክር አንድ ነው። ካርቡራተሩን መጨረሻ ላይ ንኩት። ቤንዚኑ ከላይ ነው የሚመጣው፣ እናንተም ከላይ ተነሱ።

ሞተሩ መንገድ ላይ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚደረገው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ወዲያው ክዳኑን ክፈቱና ጆሮ ስጡ። "ፍስስ" ካለ ነገሩ አለቀ፤ አየር ነው የተከለከለው። ድምፅ ባይኖርም ከፍቶ ከተዘጋ በኋላ ወዲያው ከተነሳና ጥቂት ሄዶ ከጠፋ ክዳኑን ጠርጥሩ። የሚገርመው ይሄ በሽታ ታንኩ ጢም ብሎ ሲሞላ ይብሳል። ከቤንዚኑ በላይ ያለው የአየር ቦታ ትንሽ ስለሆነ ትንሽ ቤንዚን ሲወጣ አየሩ ቶሎ ይሳሳል። "ኧረ አሁን ሞልቼው ነው የወጣሁት" የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አትጠራጠሩት። ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ መውጋት፣ በቤንዚን ማጠብ፣ ጎሚስታ ጋ ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ነው። የድሬ አቧራ ከላብና ከቤንዚን ጋር ሲቦካ እንደ ጭቃ ይደርቃል።

ክዳኑ ጤነኛ ከሆነ ወደ ልኬት እንግባ። ሁለት ሊትር የሚይዝ ንጹህ ሃይላንድ አዘጋጁ። ይሄን የምታደርጉት ደጅ፣ ኢንጂኑ በርዶ፣ ሲጋራም ከሰልም በሌለበት ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሄዶ እሳት ይፈልጋል። እኛ ሰፈር ሞተር በረንዳ ላይ ይቆማል፣ ከጎኑ ቡና ይፈላል። እስካሁን የተረፍነው በእግዜር ነው።

ሩቢኔቱን ዝጉ። ጎማውን ከካርቡራተሩ በኩል ንቀሉና ጫፉን ሃይላንዱ ውስጥ ክተቱ። ክዳኑ እንደተዘጋ ሩቢኔቱን ክፈቱና ሰዓት ያዙ። ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆነ ሞተር ዳገት ላይ ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶት በደቂቃ የሚጠጣው ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ግን መጠባበቂያ ያስፈልጋል። ስለዚህ በደቂቃ ከ150 ሚሊ ሊትር በታች ከወረደ እኔ እጠራጠራለሁ። አንድ ደቂቃ ብቻ አይበቃም፣ ሦስት ደቂቃ ተዉት። መጀመሪያ እንደ ክር ሳይቆረጥ ወርዶ እየቆየ ከቀጠነ፣ ክዳኑን ስትከፍቱ ደግሞ ከወፈረ፣ መልሱን አገኛችሁ። ከመጀመሪያውም ቀጭን ከሆነና ክዳኑን መክፈት ለውጥ ካላመጣ፣ ችግሩ ከታንኩ ግርጌ እስከ ጎማው ጫፍ ድረስ ያለው ላይ ነው።

እዚያ መሃል ያሉት ጥቂት ናቸው። ሩቢኔቱ ታንኩ ውስጥ ሁለት አፍ አለው። አንዱ ቱቦ ከፍ ብሎ ቆሟል፣ ለዘወትር የሚሆነው። ሌላው ከታንኩ ግርጌ ይጠጣል፣ ለሪዘርቭ (ለመጠባበቂያ)። ግማሽ ታንክ እያለ በዘወትሩ አልወርድ ብሎ በሪዘርቭ ከወረደ ከፍ ያለው ቱቦ ተደፍኗል። በተቃራኒው ሪዘርቭ ላይ ሲደረግ የሚጠፋ ከሆነ ከታች ዝገትና ውሃ ተኝቷል። አንዳንድ ሩቢኔት ውስጥ ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ክብ ጎማ አለች። ስታረጅ ታብጣለች ወይም ትዞራለች፣ ከዚያ ቀዳዳዋ ከመንገዱ ጋር አይገጥምም። እጀታው "ክፍት ነኝ" ይላል፣ ውስጡ ግማሽ ተዘግቷል። (ኢንጂኑ አየር ሲስብ የሚከፈት ሩቢኔት ያላቸው ሞተሮችም አሉ። እነሱ ኢንጂኑ ካልዞረ አይለቁም፤ በዚህ ልኬት ስላልወረደ ብላችሁ አትጣሉት።)

ፊልትሮው ላይ አንድ ነገር ልበል። ለጥንቃቄ ብለው ለመኪና የተሠራ ትልቅ የወረቀት ፊልትሮ የሚገጥሙ አሉ። መኪናው ፓምፕ አለው። እኛ ያለን ስንዝር ተኩል ነው። ወረቀቱ ትንሽ ሲቆሽሽ በዚያች ግፊት የሚያልፈው ጠብታ ነው። ለሞተር ሳይክል የሚሆነው ወንፊት መሳዩ ነው። ጎማውንም እዩት። ከሩቢኔቱ እስከ ካርቡራተሩ ቁልቁል ብቻ መሄድ አለበት። ረዘም ብሎ ወደ ላይ ጉብታ ከሠራ አየር እዚያ ጉብታ ላይ ይቀመጣል፣ ቤንዚኑም ገፍቶ አያስወጣውም። እኔ አንድ ጊዜ ሦስት ጣት የምታህል ጎማ ቆርጬ ብቻ የሰው ሞተር አድኛለሁ። እሱ እስካሁን ባለሙያ እመስለዋለሁ።

ሃይላንዱን አትድፉት፣ ትንሽ አስቀምጡትና ብርሃን ላይ ያዙት። ቤንዚን ማደያ ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ያልገዛ የለም፣ እኔም ገዝቻለሁ። ውሃ ካለበት ግርጌው ላይ እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ሲንከባለል ታዩታላችሁ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ሁሌም ከታች ነው፤ የካርቡራተሩም ግርጌ ላይ ይተኛል። አንድ ጠብታ ውሃ ቀጭኗን የቤንዚን ቀዳዳ ለመድፈን ይበቃል።

በጎማው ጫፍ በደንብ ከወረደ አሁን ወደ ካርቡራተሩ መሄድ ይፈቀዳል። አሁንም ግን አንፈታም። ጎማውን መልሱ። ከካርቡራተሩ ሥር የምታፈስ ትንሽ ብሎን አለች። ከሥሯ ዕቃ አስቀምጡና ፍቱት፣ ሩቢኔቱን ክፈቱ። መጀመሪያ ከካርቡራተሩ ሥር ባለችው የቤንዚን ማጠራቀሚያ ጎድጓዳ ውስጥ ያለው ይወርዳል፤ ከግማሽ ስኒ ቡና ብዙም አይበልጥም። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ከታንኩ የሚመጣው ነው። ከጎማው ጫፍ ከነበረው ቢቀጥን አይግረማችሁ፣ ግን መቆረጥ የለበትም። ከተቆረጠ ወይም ጠብ ጠብ ካለ ችግሩ መርፌዋ ላይ ነው።

መርፌዋ ምንድን ናት? ጎድጓዳዋ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ። ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ይልና ሾጣጣ መርፌ ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል። ሲጎድል ይወርዳል፣ መግቢያው ይከፈታል። የሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ በትክክል ይሄንን ነው የሚሠራው። ሞተሩ ወር ሁለት ወር ከቆመ ቤንዚኑ ደርቆ እንደ ሙጫ መርፌዋን ከመቀመጫዋ ጋር ያጣብቃታል። ከመፍታት በፊት በካቻቢቴ እጀታ ጎድጓዳዋን ቀስ አድርጋችሁ ቆርቆር አድርጉ። ብዙ ጊዜ ትለቃለች። ጎድጓዳዋም የራሷ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ አላት፤ እሷ በጭቃ ከተደፈነች ያው እንደ ክዳኑ ናት፣ ቤንዚኑ አይወርድም።

ግማሿ ስኒ ብዙ ነገር ትፈታለች። ከተማ ውስጥ ደህና ሄዶ፣ ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጠው ሲዞር) ደህና ሆኖ፣ ደንገጎን ሲወጣ ብቻ የሚጠፋ ሞተር አለ። ሰው ግራ ይገባዋል። ከተማ ውስጥ ጠብ ጠብ የሚለው ቤንዚን ለሚኒሞና ለቀስታ ጉዞ ይበቃል። ዳገት ላይ ግን በደቂቃ የሚጠጣው ወደ ጎድጓዳዋ ከሚገባው ይበልጣል፣ ግማሿ ስኒ በአንድ ሁለት ደቂቃ ታልቃለች። ሁለት ደቂቃ ስትቆሙ ጠብ ጠብ እያለ ይሞላል። ተነስቶ ትንሽ ይሄዳል፣ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ሞተር ካንዴላ (እሳት የሚሰጠው) ቢቀየርለት አይድንም።

"ከፍታው ነው" የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ድሬን ለቃችሁ ሐረማያ ስትደርሱ የአየሩ ግፊት 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ግን ደህና ሞተርን ያደክመው ይሆናል እንጂ አያጠፋውም። ሁለቱን መለየት ከፈለጋችሁ መዳከም ሲጀምር እየሄዳችሁ ቾኩን (አየሩን የሚቀንሰውን) ግማሽ ሳቡት። ከተሻለው ቤንዚን አንሶታል፤ መንገዱን ፈልጉ። ከባሰበትና ጥቁር ጭስ ከመጣ በዝቶበታል፤ ያኔ የአየር ፊልትሮውን እዩ።

የሚበዛበትም በሽታ ነው። ሞተሩ በቆመበት መሬቱን እያረጠበ ካደረ መርፌዋ አልዘጋም ማለት ነው። አንዲት የአሸዋ ፍሬ መሃል ገብታ ይሆናል። ወይ የመርፌዋ ጫፍ ቀለበት ሠርቶ አልቋል፤ በጣታችሁ ስትዳስሱት ይታወቃችኋል። ወይ ተንሳፋፊው ተበስቶ ቤንዚን ጠጥቷል፤ ጆሮ ላይ አድርጋችሁ ስትነቀንቁት ይንቦጫቦጫል። ሳትፈቱ ለማወቅ ከታች ባለችው ማፍሰሻ አፍ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ጎማ ግጠሙ። ጎማውን ከካርቡራተሩ ጎን ወደ ላይ ያዙት፣ ሩቢኔቱን ክፈቱ፣ የማፍሰሻዋን ብሎን አላሉ። ቤንዚኑ ጎማው ውስጥ ይወጣና ልክ ውስጥ ባለው ልክ ላይ ይቆማል። ሞተሩ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። በአብዛኛው ጎድጓዳዋ ከላይኛው አካል ጋር ከምትጋጠምበት መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚቆመው። ከመስመሩ አልፎ ከወጣ ወይም መውጣቱን ካላቆመ አይዘጋም። ይሄንን ቸል አትበሉ። ቤንዚኑ ወደ ኢንጂኑ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል። የዘይት መለኪያው ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱን ሳትቀይሩ አታስነሱት። እስኪሠራ ድረስ ስታቆሙ ሩቢኔቱን ዝጉ። ከተሠራም በኋላ ዝጉ።

ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ የድሬ ፀሐይ የራሷን ትጨምራለች። ከቤንዚን ውስጥ ቀለል ያለው ክፍል 40 ዲግሪ ሳይሞላ መፍላት ይጀምራል። እየሄዳችሁ ንፋስ ያበርደዋል። ቆማችሁ ሻይ ስትጠጡ ግን የኢንጂኑ ሙቀት ወደ ካርቡራተሩ ይወጣና ጎድጓዳዋ ውስጥ ያለው ይፈላል። ተመልሳችሁ ስትረግጡት እምቢ ይላል። ቾክ አትሳቡ። ጋዙን እስከ ጥግ ከፍታችሁ ሁለት ሦስቴ ርገጡት። ኢንጂኑ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚደፉትን አይቻለሁ። የጋለ ብረት ላይ ነው የሚደፉት፤ ሲሰነጠቅ ምን ሊሉ ነው?

በውሃ ነገር ካነሳን አይቀር፣ ካርቡራተር መፈታት ካለበት በቤንዚን ይታጠብ እንጂ በቧንቧ ውሃ አይታጠብ። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ልባስ ታውቁታላችሁ። ቀጭኖቹን የነሐስ ቀዳዳዎች በብረት ሽቦ አትውጉ፤ ትንሽ ከሰፉ የቤንዚኑ ልክ ይለወጣል። ንፋስ ይበቃቸዋል። ቤንዚን በአፍ መሳብም ይቅር፤ ሆድ ከሚገባው ይልቅ ሳንባ የሚገባው ነው የሚጎዳው።

ይሄን ሁሉ ለማድረግ ጠዋት ነው የሚሻለው። ከሰዓት በኋላ ድሬ ውስጥ የጎደለ ጎሚኒ ፍለጋ መውጣት ራስን ማድከም ነው። እኔ ያወቅሁት ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ፌስታሏን አወጣኋት። መሃሏ ላይ ቀዳዳዋ በነበረችበት ልክ ወደ ታች ተገፍታ ትንሽ ጉብ ብላ ነበር፣ እንደ ጡት ጫፍ። ሱቅ ሄጄ ለክዳኑ አዲስ ጎሚኒ ገዛሁ። ለካርቡራተር እጥበት ሁለቴ ከከፈልኩት ጋር ሳስተያየው ዋጋው ያሳፍራል፤ ስለዚህ አልጽፈውም።